ካንድ ብርቱ ሁለት መስታወቱ

ከፒራን ወዲያ ማዶ፣ ሴቾቭልዬ ጨው ማሳ፣
ሰማዩ ነጭ፣ ምድሩ ነጭ፣ ቀትር እንደ ባላንጣ ተነሣ።
ድሮኔ እንደ ተርብ እየጮኸች በኩሬው ላይ ስትንሳፈፍ፣
የምታመጣው ምስል ሁሉ ነጭ ወረቀት፣ ያለ ጽሑፍ።

ዮሽኮ (ፊልሙ የሱ ነው) «እንቅስቃሴው» አለ፣ «ይለስልስ፤
የካሜራው መዝጊያ አይቸኩል፣ ረጋ ብሎ ከፈት፣ መለስ፤
ሚሎይካ ጨዉን ስትገፋ፣ እንደ ሐር ይፍሰስ።»
መዝጊያ ሲዘገይ ደግሞ ብርሃን እንደ ጎርፍ ይገባል፤
እንግዲህ ጥላ ማልበስ ነው፣ ሌንሱ መነጽር ያሻዋል።

ትሪየስቴ ነው የገዛሁት፣
አንዱ ባንዱ ላይ የሚዞር፣ ሁለት ጥቁር መስታወት።
ሻጩ ምሎ ተገዝቶ፣ «ስድስት ማጣሪያ ከመሸከም፣
ቀለበቱን በጣትህ ንካ፣ ፀሐይ እንደ ፋኖስ ትክሰም።»
እኔም ተረቱን አስታውሼ፣ ፈገግ አልኩ በብልሃቴ፤
«ፀሐይ አንድ ብርቱ ናት፣ ይኸው ሁለት መድኃኒቴ።»

አዞርኩት። ቀትሩ አመሸ። ጨዉ ዐመድ መሰለ፤
የኩሬው ብልጭታ ሞቶ፣ የታችኛው ጭቃ ብቅ አለ።
ሚሎይካ፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ፣ ጎንበስ ብላ ትገፋለች፤
ቀና ብላም አታየን፣ «ዝንባችሁን አንሡልኝ» ትላለች።

ማታ በትልቁ ስክሪን ከፍቼ ሳየው፣
ቅቤ በተቀባ መስኮት አሾልቄ ያየሁት ነው።
የጨው ፍሬ ሊጥ ሆኗል፤ መግፊያዋ ጠርዝ የለውም፤
ፊቷን አጎላሁት፤ ጎላ እንጂ፣ ፊት አልሆነም።

መጀመሪያ ነፋሱን ከሰስኩ፣ ከባሕር የመጣውን፣
ቀጥሎ ሞተሩን፣ ክንፉን፣
ከጨዉ የሚነሣውን ወላፈን፣
ሌሊቱ ሲጋመስ ራሴን።

በነጋታው አላበረርኳትም። ባልኮኒው ላይ አስቀምጬ፣
የደወሉን ማማ በረጅሙ ሌንስ መርጬ፣
አንዴ በማጣሪያው አነሣሁ፣ አንዴ ማጣሪያውን አውልቄ።
ሳወልቀው ድንጋዩ ተቆጠረ፣ ርግቧ ከነላባዋ ታየች፤
ስመልሰው ርግብ የለችም፣ ነጠብጣብ ብቻ ቀረች።
ሰፊው ሌንስ ሸፍኖለት ኖሯል፤ ረጅሙ ግን አጋለጠው።
እስከ ጥጉ ሳዞረውማ
ሰማዩ ላይ ጥቁር መስቀል ተጋደመ፣ ፈተና እንደወደቀ ተማሪ ደብተር።

ነፋሱ ንጹሕ ነበር። ሞተሩም። እኔ እንኳ፣ በከፊል።
ሁለት መስታወት ሲገፋፉ፣ መሐል ላይ የወደቀው ምስል።

ማሳው ድረስ ሄድኩ፣ ሁለቱን ፎቶ በታብሌት ይዤ፣
ወቀሳዋን ልቀበል፣ አንገቴን ሰብሬ፣ እንደ ልጅ ተክዤ።
«ይኼ ደብዝዟል፣ ይኼ ጠርቷል። እንደገና እንቅረጽሽ?»
ጓንቷን አወለቀች። አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው።
«የቱ ነው የደበዘዘው?»
ዝም አልኩ።
«ሁለቱም ጨው ነው» አለች፣ «ጨው እንዲህ ነው።»
ቀና ስትል አየሁት፣ ብሌኗ ላይ ወተት የመሰለ ሞራ፣
ማንም ያላወለቀላት፣ ያልተገዛ ማጣሪያ።

ዮሽኮ ድብዝዙን ወደደው። «ሕልም ይመስላል» ብሎ አስገባው።
ተመልካችም አጨበጨበ። እኔ ጫማዬን ሳየው።

ኅዳር ላይ ስልኬ ጮኸ። ኢዞላ ሆስፒታል፣ ሞራዋ ተገፎ፣
«ፊልምህን አየሁት» አለችኝ፣ «ምንድን ነው ያ? ጨው ነው ገንፎ?
ጨው እኮ ጠርዝ አለው! እጄም ሦስት ጠባሳ አለው!
ለዚህ ነው ገንዘብ የሚከፍሉህ? ያ መስታወትህስ፣ ስንት ነው?»
«አርባ አምስት ዩሮ» አልኳት።
ሳቋ እስኪያበቃ ጠበቅኳት።
«በሚያዝያ እንጀምራለን፣ እሱን ጥለህ ና» አለች።
«አመሻሽ ላይ ና። ፀሐይ ራሷ ትቀንሳለች፤
ለዚያ ደግሞ አታስከፍልም።»